የደም አጋር

እህቴን የከብት ሐኪም ናት ይሏታል። አይደለችም። የከብት ሐኪም ከብት ያድናል፤ እህቴ ግን ከብቱን ያሳመመውን ነው የምታሳድገው። አዎ፣ ታሳድገዋለች። ከታመመች ላም ጡት ወተት ጠብ አድርጋ ታመጣና እዚያ ውስጥ የተደበቀውን ለዓይን የማይታይ ተባይ ሳህን ላይ ታሰፍረዋለች። ይሞቅለታል፣ ይበላል፣ ይወፍራል፤ ወፍሮ ሲታይ ስሙን ታውቀዋለች፣ ምን እንደሚገድለውም ታውቃለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። የምታበላው ግን እሷ አይደለችም። የማበላው እኔ ነኝ።

ታላቋ ነኝ። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ስምንት፣ እሷ ስምንት ነበርን። አንዳችን መማር ነበረብን፣ አንዳችን መሥራት። ዕጣ አልተጣለም፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ። አልቆጨኝም። ይህንንም የምትጽፈው እሷው ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «አልቆጨኝም» ስላት እስክሪብቶዋ ቆም አለ። ጻፊ ብያለሁ!

ባሌ የሞተ ዓመት ቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ስጨቃጨቅ አየችኝና ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን፣ «እትዬ፣ ዛሬ አጋር እናፈላለን» አለችኝ።

«የማንን አጋር?» አልኳት ደንግጬ።

ለካ አጋር የዱቄት ስም ነው። ከባሕር ሣር ነው የሚሠራው አሉ። በውሃ ይፈላል፣ ሲበርድ ይረጋል፣ ደም ጠብ ሲደረግበት ደግሞ የደም አጋር ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ከሱ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። «አየሽ» አልኳት፣ «እኔ አጋሬን ቀብሬ ብቻዬን ቀረሁ፤ ለዓይን እንኳ የማትሞላ ተባይ ግን አጋር ይፈላላታል።» በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። የኔ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለት የመታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ በእንፋሎት የምትጮህ የብረት ድስት፣ ጠርሙስ የተደረደረበት መደርደሪያ። ሌሎቹ የአጋሩን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካሉ። እኔ ጠርሙሱን ጉንጬ ላይ አስደግፈዋለሁ። ከፈጀኝ ገና ነው፤ ደሙን ቢጨምሩበት በስሎ ቡናማ ይሆናል። ከቀዘቀዘኝ ደግሞ አልፏል፤ እሳህኑ ሳይደርስ ጓል ይሠራል። ጉንጬ ዝም ሲለኝ ያኔ ደሙን አፈሳለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች ይሄን ሲያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ። የነሱ ሳህን አረፋ ያወጣል፣ የኔ እንደ መስታወት ነው።

ደሙን የሚሰጠው ሻምበል ነው። ሻምበል በግ ነው፤ ደረቱን ገልብጦ ስለሚሄድ ነው ሻምበል ያልኩት። ከጓሮ ያለችው በረት የሱ ብቻ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ከአንገቱ አንድ ጠርሙስ ደም ይቀዳል፤ እኔ የመስታወት ጠጠር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ተቀብዬ፣ እንዳይረጋ እንደ ሕፃን እወዘውዘዋለሁ። በረቱ በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በየቅዳሜው አቧራውን እጠርግለታለሁ። የሚለውን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በር ላይ የተጻፈ ነገር ስለ በር ካልሆነ ስለ ምን ይሆናል? «በሩን ዝጉ» ነው የሚለው ብዬ ዘጠኝ ዓመት በሩን ስዘጋ ኖርኩ። ክፍት ትቶ የሄደውንም ሁሉ «ማንበብ አትችልም?» እያልኩ ሰድቤዋለሁ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው።

አንዲት ሴት አርባ ላሞች አሏት። የላሞቿ ጡት እያበጠ፣ ወተታቸው እየተቋጠረ፣ አንዷ ስትድን ሌላዋ እየወደቀች መከራዋን አየች። እህቴ ሄዳ አየችና፣ «ይህ ከላም ወደ ላም የሚሄድ ነው፤ የሚያጓጉዘውም ጡት የምትጠርጉበት ጨርቅ ነው» አለቻት። አለቃችን ግን መኖ ነው አለ። አለቃችንን እኔ ጠረጴዛው ነው የምለው፤ ከወንበሩ ተነስቶ አይቼው ስለማላውቅ ነው። ላም የሚያውቀው በወረቀት ነው።

«ዶክተር፣ ይህ የጨርቅ ነገር የሠላሳ ዓመት ዘፈንዎ ነው» አላት በሰው ፊት። «ተባዩን ከጡቱም ከጨርቁም ያሳዩን። አርብ ስብሰባ አለ። ካላሳዩን ያ ሳህን ማዘጋጃ ክፍል ይዘጋል፤ የተዘጋጀ ሳህን ከውጭ እናስመጣለን።»

ሴትየዋም በበኩሏ፣ «እስከ አርብ ካላወቅኩት ቅዳሜ ለሥጋ ቤት አስረክባቸዋለሁ፤ ደክሞኛል» አለች።

እህቴ ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ነው የቀራት። ሠላሳ አንድ ዓመት የተናገረችው ነገር አርብ ወይ ይቆማል ወይ ይወድቃል። ይሄንን እሷ አልነገረችኝም፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አየሁ፣ በቃኝ።

ሰኞ ሻምበልን ቀዳነው፣ አጋሩን አፈላሁ፣ ሳህኖቹን ሞላሁ። እሷ ወተቱንም ከጨርቁ የተጨመቀውንም ዘራች። አብራም አሮጊቷን ዘራች። አሮጊቷ ማለት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዓመታት ያስቀመጥናት ባክቴሪያ ናት፤ የትም ጣሏት የትም ትበቅላለች። ምግቡ ደህና መሆኑን የምታረጋግጥልን እሷ ናት። ስሟን ያወጣችው እህቴ ናት፤ በማን እንዳወጣችው አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ ጠዋት የሙቀት ሳጥኑ ሲከፈት፣ ሳህኖቹ ቀይ ናቸው፣ ባዶ ናቸው። ምንም የለም። ደገመች። ረቡዕ ጠዋትም ባዶ። አሮጊቷ እንኳ የለችም።

«እትዬ» አለችኝ ክፍሌ በር ላይ ቆማ፣ «ምግቡ ላይ ችግር ያለ መሰለኝ።»

«የማን ምግብ?»

«ያንቺ።»

ደሜ ፈላ። «የኔ? የኔ ምግብ? ሃያ ሁለት ዓመት ያበላሁት?»

«አሮጊቷ አልበቀለችም እኮ።»

«አሮጊቷ ኮርታ ይሆናል!»

«እትዬ፣ ሳሙናው በደንብ ለቅቆ ነበር?»

ይሄን ስትል ሰማይና ምድሩን ደበላለቅኩት። አምስት ጊዜ በቧንቧ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ እንደማለቀልቅ፣ አንድ ጠርሙስ ስይዝ የገዛ ልጇን ከምታጥብ እናት በላይ እንደምጠነቀቅ፣ እሷን ራሷን በሳፋ ያጠብኩ እኔ እንደሆንኩና ያኔ ሳሙና ቀረብኝ ብላ እንዳላለቀሰች፣ ሁሉንም ኮሪደሩ እስኪሰማ ነገርኳት። «ይቅርታ በይኝ!» አልኳት።

«ይቅርታ» አለች። ደክሟት ነው እንጂ አምናበት አልነበረም። ከዚያ ትናንት ለማመሳከር የዘራቻቸውን ሁለት ሳህን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። «እሺ፣ እዪልኝ። ይሄኛው ደም የለበትም። አሮጊቷ ሞልታበታለች። ይሄኛው ደም አለበት። አንዲትም የለችም። እንግዲህ ዕቃውም አጋሩም ንጹሕ ነው። ሳሙናም አይደለም። ደሙ ውስጥ የሚገድላቸው ነገር አለ ማለት ነው።»

«አልነገርኩሽም?» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«በጉ መድኃኒት ወስዶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆናል» አለች ለራሷ። «ግን ማን ይሰጠዋል? በሩ ላይ ተጽፏል።»

የማጥበውን ጠርሙስ ከገንዳው አወጣሁት።

«ምን ተብሎ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«‹ይህ በግ ደም ሰጪ ነው፤ ያለ ዶክተሯ ፈቃድ ምንም መድኃኒት መስጠት ክልክል ነው›» አለችኝ እንደ ዋዛ፣ ሳህኑን ወደ ብርሃን እያዞረች። «ውሃው ይሆን እንዴ?» ብላ ወጣች።

እኔ ቀረሁ። ጠርሙስ ይዤ ቀረሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሻምበልን ሳል ያዘው። ከአፍንጫው ንፍጥ ወረደ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሻምበልነቱ ሁሉ ጠፋ። አንጀቴን በላው። ከግቢያችን ከብት ማደሪያ ያለውን መርፌ ወጊ ልጅ ጠራሁት፤ እኛ መርፌው ነው የምንለው፣ ሌላ ስም ያለው አይመስለኝም። «ና ይሄን በግ ውጋልኝ» ስለው፣ «ዶክተሯ አዝዛለች?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «አዝዛለች» አልኩት። ሦስት ቀን አከታትሎ ወጋው። እሁድ ሻምበል ደረቱን መልሶ ገለበጠ። ሰኞ ቀዳነው። እኔው ወዘወዝኩት።

ወደ በረቱ ሄድኩ። በሩን ዘጋሁ፤ ልማድ ነው። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። «አየህ ያደረግከውን?» አልኩት ሻምበልን። ሻምበል ያመነዥካል። «እንዳትናገር ታዲያ» አልኩት።

ልክ ነው፣ ልናገር አላሰብኩም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ። ውሃውን ትመርምር፣ ዱቄቱን ትመርምር፣ በሁለት ሳምንት መድኃኒቱ ከበጉ ይወጣል፣ ሁሉ ነገር ይበቅላል፣ ምግቤም እንደተከበረ ይኖራል ብዬ ነበር። ኮሪደሩን ያን ያህል ካንቀጠቀጥኩት በኋላ ተመልሼ «ጥፋቱ የኔ ነው» ልበል? ያቺን ቃል አፌ አያውቃትም። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን ተገናኝተን አናውቅም።

በረቱ የእህቴ ክፍል መስኮት ሥር ነው። እዚያው ባልዲው ላይ እንዳለሁ ስልክ ስታናግር ሰማኋት።

«አይ፣ እመቤት... አላገኘሁትም... አዎ፣ ጨርቁ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ማሳየት አልቻልኩም። ማሳየት ያልቻልኩትን ነገር እመኚኝ ልልሽ አልችልም። ላሞቹ ያንቺ ናቸው፤ የመሰለሽን አድርጊ።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። እህቴን አውቃታለሁ፤ የምታለቅስ ከሆነ አፍንጫዋን ትነፋለች፣ የተናደደች ከሆነ መሳቢያ ትዘጋለች። ምንም ካልተሰማ ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። እናታችን የሞተች ቀን ነበር እንዲያ ዝም ያለችው።

ተነሳሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ጉልበቴ እንኳ መጮኹን ረሳ።

«የወጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት ከበሩ።

«ማንን?»

«ሻምበልን። እኔ አይደለሁም፣ መርፌው ነው። ግን እኔ ነኝ። ዶክተሯ አዝዛለች ብዬ ዋሽቼ ነው፤ ልጁን እንዳትቆጪው።»

ብድግ አለች። «በምን ወጋው?»

«ስሙን ምን አውቄ! ነጭ ነው፣ እንደ ወተት።»

«ፔኒሲሊን! ስንት ቀን?»

«ሦስት።»

«እትዬ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ሁለት ቀን ሙሉ እኔ አእምሮዬን ስስት! ከሦስት ሰዓት በፊት ይቅርታ በይኝ ብለሽ ስታስለምኚኝ!»

«ያኔ አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት አሁን ነው፣ አንቺ ወረቀቱን ስትነግሪኝ። በሩን ዝጉ የሚል መስሎኝ ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አላነበብሽልኝም?» አልኳት። ድምፄ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን መሃላችን ቆመ፣ አልሄድ አለ። «የተለጠፈ ዕለት በአጠገቤ ይዘሽው አለፍሽ። ‹ይቺ እኮ ማንበብ አትችልም› ብለሽ አሰብሽ? እኔ ማንበብ አለመቻሌን አንቺም ረስተሽዋል። መርሳትሽ ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።»

አየችኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ያቺን ቃል አወጣት። «ጥፋቱ የኔ ነው።» እንደ መራራ ኪኒን ናት፤ ስትወጣ ግን ያን ያህል አትመርም።

«በጉ ዳነ?» አለችኝ።

«ድኗል።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው! «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «በፔኒሲሊን ይሞታል እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በሰባት ደርዘን ሳህን አረጋገጥሽልኝ።» ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። «ግን ምን ዋጋ አለው? ለአርብ ለመድረስ ዛሬ መዝራት አለብኝ። ንጹሕ ደም ከየት ይመጣል? የበግ እርባታው የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

«ስልክሽን አንሺና ለሴትየዋ ቆይ በያት» አልኳት። «ደሙን ለኔ ተይው።»

ጠረጴዛው ቤቱ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ነው። ሣር አጫጅ ላለመቅጠር አንዲት ሴት በግ አስሮ ግቢውን ያስግጣታል። ይሄን ከሚስቱ ሰምቻለሁ፤ አጥር ለአጥር እንጨዋወታለን። መርፌውን በቀኝ፣ ጠርሙሴን በግራ ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

«ምነው እማማ፣ በደህና?» አለች ሚስቱ።

«በግሽን ፈልገን ነው። ደም ልንቀዳት።»

«አትሞትም?»

«ባልሽ የሃያ ሰው ደም ሲመጥ ማን ሞተ?»

በሳቅ በሩን ይዛ ቀረች። «እንደውም ደግ አደረጋችሁ። ዛሬ ጽጌረዳዬን ሙልጭ አድርጋ በላችብኝ። ግቡ!»

«ቆይ መጀመሪያ» አልኳት። አሁን ተምሬያለሁ። «መድኃኒት ወስዳ ታውቃለች? ሰሞኑን ታማ፣ ተወግታ?»

«ሰውዬው ለኔም ራስ ምታት ኪኒን አይገዛ፤ ለሷ?»

መርፌው ከበጊቱ ራቅ ብሎ ቆመና፣ «እርግጠኛ ነዎት እማማ? ይሄ ደግሞ በዶክተሯ ፈቃድ ነው?» አለኝ።

«በዶክተሯም፣ በእመቤቲቱም፣ በበጊቱም ፈቃድ ነው። ውጋ!» አልኩት።

ያን ቀን ጠርሙሱን ጉንጬ ላይ ደጋግሜ አስደገፍኩት። ፈጀኝ። ጠበቅኩ። ፈጀኝ። ጠበቅኩ። ዝም አለኝ፤ አፈሰስኩ። እህቴ ቆማ ሳህን ስታቀርብልኝ ነበር፤ እሷ አቅራቢ፣ እኔ ቀጂ። ሳሙና የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑን ስትከፍት ከኋላዋ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እትዬ» አለች። ድምፅዋን ሰምቼ ገለጥኩት። ቀዩ ሳህን ላይ ጤዛ ወርዷል! ጥቃቅን፣ ክብ፣ የሚያበራ፤ በያንዳንዱ ዙሪያ ደሙ ተበልቶ ቀጭን ጥርት ያለ ቀለበት ሠርቷል። ከወተቱም እሱ፣ ከጨርቁም እሱ። ያው ራሱ። አሮጊቷም በራሷ ሳህን እንደ ልማዷ ሞልታለች። «እሰይ! ብሉ!» አልኩ። እህቴ የዚያን ዕለት ለአርባ ላም ጠላት «ብሉ» ያለ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረችኝ።

አርብ ስብሰባው ላይ እኔ አልተጠራሁም። ሳህኖቹን የሚሸከም ሰው ያስፈልግ ስለነበር ግን ገባሁ፤ ከገባሁ ደግሞ አልወጣም። እህቴ አስረዳች። የላሞቹ ባለቤት ጨርቁን ለየላሟ እንድትለይ፣ እንድትቀቅል፣ የታመሙትን መጨረሻ እንድታልብ፣ ለነሱም የትኛው መርፌ እንደሚሆን ነገረቻት። ሴትየዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

ጠረጴዛው ግን እንደ ልማዱ ወረቀቱን ገለበጠ። «እስከ ረቡዕ ለምን አልበቀለም ታዲያ?»

እህቴ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር አውቃለሁ፤ «የቴክኒክ ችግር» ልትል ነበር። እኔን ልትሸፍን።

«በጉን መድኃኒት አስወግቼው ነው» አልኩ ሳህን እንደያዝኩ። «እኔ ነኝ። ወረቀቱን አላነበብኩም፣ ማንበብ አልችልም። ይጻፍ።»

ጠረጴዛው መነጽሩን አወለቀ። «እና ያሁኑ ደም ከየት መጣ?»

«ከግቢዎ» አልኩት። «ጽጌረዳ ስለበላች ትንሽ ሽታ አለው።»

ያን ዕለት ጠረጴዛው ከወንበሩ ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ተነስቶ ሳህኑን ቀረብ ብሎ አየ። ዞር ብሎ እኔን አየ። ከዚያ የቀረው ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱም ሳያስበው ሳቀ። የክፍሌ መዘጋት ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም፤ ተነስቶ ከሆነም እኔ ባልነበርኩበት ነው።

የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «የሥራው አጋሮች» የሚል ቦታ አለ አለችኝ እህቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ስትተወው ኖራለች። እኔን ጻፈች፣ መርፌውን ጻፈች፣ የጠረጴዛውንም በግ ጻፈች። ጠረጴዛው በጓን ሰረዘ። «ደሟን ሰጥታ?» ብለን ሁለታችንም ተከራከርን፤ አልሰማ አለ።

በረቱ በር ላይ ያለውን ወረቀት እህቴ ልታነሳው ስትል ከለከልኳት። ከጎኑ ሌላ ወረቀት አስለጠፍኩ፤ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። አንድ በግ፣ አንድ መርፌ፣ መርፌው ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል። መርፌው ልጅ አይቶት «ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ ተቀየመኝ። ይቀየም።

በሩን ግን ዛሬም እዘጋዋለሁ። ወረቀቱ ባይልም ነፋስ ይገባል፤ ሻምበል ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው፣ ከእንግዲህ ቢያስለው ማንን እዋሻለሁ?